ሳላያቸው የተመለስኩ ቀን

ልጅ እያለሁ ነፋስ ሲነሳ ደስ ይለኝ ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ነፋስን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ሳሩን እያስተኛ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። እኛ ልጆች ቀሚሳችንን በሁለት እጃችን ዘርግተን ወደ እሱ እንሮጥ ነበር። ከአንድ ቅዳሜ ወዲህ ግን ሮጬ አላውቅም። ዛሬ አያት ሆኜ እንኳን መስኮት ሲንኳኳ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። ልጆቼ “እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?” ሲሉኝ “ምንም” እላለሁ። ምንም ማለቴ ግን ውሸት ነው። በዚያ ዘመን ያደጋችሁ ትረዱኝ ይሆናል ብዬ ዛሬ ልናገረው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የጎጃምን መንገድ በሚጠግኑ ሠራተኞች ላይ ተቆጣጣሪ ስለነበር ከመንዝ አምጥቶ ሱሉልታ አሰፈረን። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ እያደረ እሁድ እሁድ ብቻ ቤት ይውላል። በቀረው ቀን ቤቱ የእናቴ፣ የእኔና ገና ድክ ድክ የሚለው ወንድሜ የተሾመ ነበር። መንደራችን ስምንት ቤት ብቻ ነው። ሁለቱ ባለ ቆርቆሮ፣ የቀሩት የሣር ክዳን። አንደኛው ቆርቆሮ የእኛ፣ ሁለተኛው መንገድ ዳር ስኳር፣ ጋዝና ሳሙና የሚሸጡት የጋሽ ይመር ሱቅ ነበር።

አጥር ለአጥር የምንገናኘው ከኦቦ ጉደታ ጋር ነው። ኦቦ ጉደታ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሜዳው ጫፍ የሚሰማ ገበሬ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በሬዎቻቸውን ከማውጣታቸው በፊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው “ጅርቱ?” ይሉናል። አላችሁ ወይ ማለታቸው ነው። እናቴ ሱሉልታ ስትመጣ አንድም ቃል ኦሮምኛ አታውቅም ነበር፤ መጀመሪያ የለመደችው የዚህን መልስ ነው። ሊጥ እያቦካችም ይሁን ተሾመን እያጠበች፣ ቀና ሳትል “ጅራ!” ትላለች። አለን። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም፤ ኦቦ ጉደታ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እኔ ይህን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከስምንቱ ቤት ሰባቱ ከወንዙ ወዲህ ሲሆኑ አንዱ ብቻ ማዶ ነበር። የአዴ ድንቄ ቤት። አዴ ድንቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ኦጋዴን የሄደባቸው አሮጊት ናቸው። ያላቸው አንዲት ቡሬ የምትባል ዥጉርጉር ላም ነበረች። በየቀኑ የወተት ቅላቸውን ይዘው በግንድ የተሠራችውን ድልድይ ይሻገሩና ለእኛ ወተት ያመጣሉ። ቅሉ በወይራ ጭስ የታጠነ ስለሆነ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ሽታው ይገባል። እናቴ ወተቱን አፍልታ ስታወርድ ስልባቦቱ ለእኔ ካልተሰጠ አይሄዱም። “ለልጅቷ፣ ለልጅቷ” ይላሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። አማርኛቸው ትንሽ፣ የእኔም ኦሮምኛ ትንሽ ነበር፤ በዚያች ትንሽ ቋንቋ ግን ብዙ እናወራ ነበር።

የዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ያስጨንቅ ነበር። ግንቦት ነው። ዶሮዎቹ ጥላ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። እኔና የኦቦ ጉደታ ልጅ አያንቱ ደጃፋችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ አስምረን እየዘለልን ሳለ ጠጠሩንም መወርወር፣ መዝለልም ሰለቸኝ፤ ቆዳዬ የጠበበኝ መሰለኝ። እናቴም እንደ እኔ ሆና ነበር። ትወጣለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ትገባለች። የሰቀለችውን ልብስ ሳይደርቅ ሰበሰበችው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በስተምዕራብ ያለው ሰማይ ጠቆረና ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ታየበት። ያንን ቀለም ከዚያ በኋላ በሰማይ ላይ አላየሁትም።

“ብርቄ! ግቢ!” አለች እናቴ። አያንቱ ወደ ቤቷ ሮጠች።

በሩ ላይ ቆሜ ዞር ስል አየሁት። ሜዳው ላይ አቧራና ሣር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሽከረከራል። አንድ ሙሉ የድርቆሽ ክምር ብድግ አድርጎ አነሳና በተነው። የባሕር ዛፎቹ አንድ ባንድ ተጎንብሰው ሲቀነጠሱ ድምፃቸው እንደ ጥይት ነበር። እናቴ በቀሚሴ ኮሌታ ጎትታ አስገባችኝና ሦስታችንም አልጋ ሥር ገባን። ከዚያ በረዶው መጣ። በቆርቆሮ ቤት በረዶ የሰማ ያውቀዋል፤ እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው ግን አይሰማም። ተሾመ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፣ እሱም አይሰማም። አንድ ጊዜ ከበላያችን የሆነ ነገር ጮኸና ብርሃን ገባ። ከጣራችን ሁለት ቆርቆሮ ሄደ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ድንገት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ከጣራው የሚንጠባጠብ ውኃ ብቻ ሆነ። የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ቀዝቃዛና የሚያስነጥስ ሽታ። እናቴ ራሴን፣ ክንዴን፣ እግሬን ዳሰሰች፣ ከዚያ የተሾመን። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

“ጅርቱ?”

“ጅራ!” አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። እያለቀሰች መሆኗን ያን ጊዜ አየሁ። “እናንተስ?”

“ጅራ! ልጆቹም አሉ!”

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ማንም ያዘዘው አልነበረም። እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ተሾመን አዝላ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። መሬቱ ነጭ ሆኗል፤ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሰው ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ የጎረቤቱን ስም ይጣራል። ኦቦ ጉደታ የእኛን ቆርቆሮ ባቄላቸው ውስጥ አግኝተው በራሳቸው ተሸክመው መጡና “ይቺ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር” ብለው ሰውን አሳቁ። የጋሽ ይመር ሱቅ ግን ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነስቷል። ስኳሩ ውኃ ሆኖ በበሩ ሥር ይወርዳል፤ እሳቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ያዩታል። ከሱቁ ቀጥሎ ያለችው ሙሉነሽ ደግሞ አራስ ነበረች፤ የጎጆዋ አንድ ወገን በላይዋ ወድቆ ሰው እየጎተተ አወጣት። ሕፃኑ ደህና ነው፣ እሷ ግን ራሷን ስታለች። እናቴ ተንበርክካ ፊቷን በውኃ ስታብስ ድንገት ቀና አለችና በዙሪያዋ ያለውን ሰው ቆጠረች።

“ማዶስ? አዴ ድንቄን ማን አያቸው?”

ማንም አላያቸውም። ወንዶቹ የቀረው ጎጆ እንዳይወድቅ የሙሉነሽን ምሰሶ ይዘዋል። እናቴ እጇን ከሙሉነሽ ራስ ሥር ማውጣት አልቻለችም።

“ብርቄ፣ ሮጠሽ እያቸውና ነይ። ድልድዩ ላይ ቀስ በይ።”

ሮጥኩ። ታላቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወንዙ ዳር ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። የማውቀው ወንዝ አልነበረም። ቡናማ ሆኖ፣ በረዶ፣ ቅርንጫፍና የሞተ በግ ተሸክሞ እየተገላበጠ ይወርዳል። ግንዱ ድልድይ አለ፤ ውኃው ግን እየላሰው ያልፋል። አንድ እግሬን አስቀመጥኩ። ግንዱ ተንቀጠቀጠ። እግሬን መለስኩ። ማዶ የአዴ ድንቄ ቤት በጀርባው በኩል ይታየኛል፤ ክዳኑ በቦታው ነው። ክዳኑ ካለ ደህና ናቸው አልኩ በልቤ። ያም ሆኖ አፌን ከፍቼ ባለኝ ኃይል ተጣራሁ።

“አዴ ድንቄ! ጅርቱ?”

አንድ ጊዜ ብቻ። መልሱን አልጠበቅኩም። ከወንዙ ጩኸት በላይ የሆነ ነገር የሰማሁ ይመስለኛል፤ ወፍም ይሁን ሌላ አላወቅኩትም፤ ማወቅም አልፈለግኩም። ዞሬ ሄድኩ። ስሄድ፣ ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል፣ ከመሬት በረዶ እያፈስኩ እየበላሁ ነበር።

“አየሻቸው?” አለችኝ እናቴ።

“አየኋቸው።”

“ምን አሉሽ?”

“ደህና ነኝ አሉ። እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት አሉ።”

ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለተኛዋን ቃል ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። እናቴ “ተመስገን” አለችና ፊቷን ወደ ሙሉነሽ መለሰች። ሰው ሁሉ በእኔ ቃል ማዶውን ተወው። ከስምንቱ ቤት ስምንቱም ተጠየቀ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት አላልቅ አሉኝ። ወንዶቹ የእኛን ጣራ መልሰው ሲመቱ ምስማር አቀብል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ምስማሩን ትቼ አጥሩ ጋ ሄድኩ። ከዚያ የወንዙ ድምፅ ይሰማል። እመለሳለሁ። ውኃ ቅጂ ስባል ጋኑን ሞልቼ አፈሰስኩት። አያንቱ በረዶ እንድንሰበስብ ጠራችኝ፤ ገፈተርኳት፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አሁን ልሂድና ልያቸው እላለሁ፤ ደግሞ ከሄድኩ ቀድሞ አለመሄዴ ይታወቃል እላለሁ። ክዳኑ ቆሟል፣ ክዳኑ ቆሟል እያልኩ በግቢው ውስጥ እዞራለሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ ግንባሬን ነክታ “በረዶው መታሽ እንዴ?” አለችኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ለዓይን ያዝ ሳያደርግ፣ ከደጅ የላም ጩኸት ተሰማ። ቡሬ ናት። ገመዷን በጥሳ፣ ግቷ ተወጥሮ፣ ወተቷ እያንጠባጠበ በራችን ላይ ቆማ ትጮኻለች። ውኃውን እንዴት እንደተሻገረች እንጃ። እናቴ ላሟን አየች፣ ከዚያ ማዶውን አየች።

“እንዴት ነው ሳያልቧት ያመሹት?” አለች ለራሷ።

“እማዬ” አልኩ። “እማዬ፣ አላየኋቸውም።”

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ዓይኔን ስከፍት ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። “ኦቦ ጉደታ!” ስትል የሰማሁት ድምፅ የእሷ አይመስልም። “ኦቦ ጉደታ፣ ይድረሱልኝ! ላሟ ብቻዋን መጣች!” ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ተሾመን ለኦቦ ጉደታ ሚስት ሰጥታ ሮጠች። ኦቦ ጉደታ ጠፍርና ፋኖስ ይዘው፣ ጋሽ ይመርና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ተከትለው ደረሱ። ውኃው ጎድሎ ግንዱ ተገልጧል። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም ተመለሺ አላለኝም። በአራት እግሬ እየዳህኩ ያንን ግንድ ተሻገርኩ።

የቤቱ ጀርባ እንዳየሁት ነበር። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ግን የለም። ጭቃው፣ ማገሩ፣ የበሩ መቃን ሁሉ አንድ ላይ ተደርምሷል። አዴ ድንቄ ከሥሩ ነበሩ። ከወገባቸው በላይ ውጭ ናቸው፣ አንድ እግራቸው ከምሰሶው ሥር ተቀርቅሯል። በረዶው ዙሪያቸውን ተከምሮ እየቀለጠ ነበር። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው።

“ዋቃዮ!” ብለው ኦቦ ጉደታ አምላካቸውን ጠሩ፤ ወንዶቹ ምሰሶውን አነሱ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻቸውና እጃቸውን በብብቷ ውስጥ አስገባች። በሁለት አጣና ላይ ጋቢ አስረው ቃሬዛ ሲሠሩ፣ ጋሽ ይመር ቆም ብለው ዞሩ። ሱቃቸው የፈረሰ፣ የተቆጣ ሰው ናቸው።

“ተጠይቀዋል ተብሎ አልነበረም እንዴ? ማን ነበር የተላከው? ማን ነው ደህና ናቸው ያለው?”

የእናቴን ጀርባ አየሁት፤ ሲቃና አየሁት። ልትናገር ነው። እኔም ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ከቃሬዛው ላይ ጥርስ ለጥርስ የሚጋጭ፣ የተቆራረጠ ድምፅ መጣ።

“ልጅቷ መጥታለች” አሉ አዴ ድንቄ። “ወንዙ ዳር ሆና ጠራችኝ። እኔ ነኝ ‘ጅራ’ ያልኳት። ያን ጊዜ ደህና ነበርኩ። ግድግዳው የወደቀው በኋላ ነው።”

ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ “እንዲህ ከሆነ” ብለው ቃሬዛውን በአንድ ወገን አነሱ።

እኔ ግን በረዶውን አይቼ ነበር። በግድግዳው ሥር፣ በጭቃው ሥር፣ በእሳቸው ዙሪያ የተከመረውን። ግድግዳው የወደቀው በረዶው እየጣለ ሳለ እንደሆነ ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጅም ታውቃለች። እናቴም አይታለች። ኦቦ ጉደታም ይመስለኛል፤ ፋኖሱን ወደ እኔ ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ ወደ መንገዱ መለሱት።

አዴ ድንቄ በእኛ ቤት፣ በእናቴ አልጋ ላይ አደሩ። እሁድ አባቴ ሲመጣ የሥራውን የጭነት መኪና ለምኖ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሁለት ወር ተኝተው በክራንች ተመለሱ። እግራቸው ተረፈ፤ እስኪሞቱ ድረስ ግን እያነከሱ ነው የሄዱት። ያንን ቤታቸውን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሠራላቸው፤ ጭቃውን የረገጥነው እኔና አያንቱ ነን። እናቴ ለአባቴ አልነገረችም። አልቀጣችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጸጉሬን እየሠራችኝ፣ ፊቷን እንዳላየው ከኋላዬ ሆና “ሰው ጠይቂ ስልሽ ፊቱን አይተሽ ተመለሺ” አለችኝ። እጇ አልቆመም፣ ሹሩባውን ቀጠለች።

አዴ ድንቄን የጠየቅኳቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ኮልፌ አክስቴ ቤት ሆኜ ለመማር ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ሄድኩ። ቡሬን እያለቡ ነበር። ለሰባት ዓመት በሆዴ ያመላለስኩትን አወጣሁት።

“አዴ፣ ያን ቀን በእርግጥ ሰምተውኝ ነበር?”

እጃቸው ቆመ። “ሰምቼሽ ነበር።”

“ጅራ ብለውኛል?”

ወተቱ ላይ ያለውን አረፋ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። “ኮቱ ነው ያልኩሽ፣ ኢንታላ ኮ” አሉኝ። “ነይ ነው ያልኩሽ፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ።”

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ላሟን አልበው ጨረሱ፣ ወተቱን ከደኑ፣ ከዚያ ክራንቻቸውን ይዘው እስከ ድልድዩ ሸኙኝ። “ልጅ ነበርሽ” አሉኝ እዚያ። “ውኃው ቢወስድሽስ ኖሮ? ለእናትሽ ምን እላት ነበር?” ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አየኋቸው።

አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሱሉልታ ሄጄ ያንን መንደር ብፈልገው ጠፋብኝ፤ ወንዙ በቱቦ ውስጥ ገብቶ ከላዩ መንገድ ተሠርቷል፤ ከአጥር በላይ ብቅ ብሎ የሚጣራ ሰው ቢኖር እንኳን የግንቡ ከፍታ አያሳየውም። የሰው ክፋት ነው አልልም። ሕንጻችን ውስጥ ደግ ሰዎች ሞልተዋል፤ ጠዋት አውቶቡስ ለመያዝ ሮጠው ይወጣሉ፣ ማታ ደክመው ይገባሉ፣ ስማቸውን ግን አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት ብርቱ ነፋስ መጣ። የሕንጻውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጣለ፣ መብራት ጠፋ፣ የመስኮት መስተዋት ሲረግፍ ይሰማ ነበር። ካበቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ በቴሌግራም “ሁላችሁም ሰላም ናችሁ?” ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት ተደረደረ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ጉልበቴን እያመመኝ የደረጃውን ብረት እየያዝኩ ወረድኩና ከእያንዳንዱ በር ፊት ቆሜ አንኳኳሁ። አብዛኛው ከውስጥ ሆኖ “ደህና ነን!” ይላል። “ክፈቱልኝና ልያችሁ” እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቺ አሮጊት ምን ነካት ይል ይሆናል።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት በሩን በጥቂቱ ከፈተችው። እሷም አውራ ጣት ከላኩት አንዷ መሆኗን በኋላ ነገረችኝ። “ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለችኝና ልትዘጋው ስትል እጄን አስገባሁ። በእጇ የያዘችው ፎጣ ቀይ ነበር። መስተዋቱ ክንዷን ቀዶታል፤ ሁለቱ ልጆቿ ከሶፋው ኋላ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

“ሰው አስቸግራለሁ ብዬ ነው” አለችኝ እንባዋ እየመጣ።

“የኔ ልጅ፣ አስቸግሪ” አልኳት። ነጠላዬን አውልቄ ክንዷን አሰርኩላትና ልጆቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።